ሰባት አባት እንዴት እንደሚቆጠር ስላስተማሩን

ታኅሣሥ ፲፱፻፸፪ ዓ.ም.
ሰቆጣ

ለተከበሩ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ለጓድ አሥራተ ማርያም

ከእሑዱ ስብሰባ ወዲህ ከቤት አልወጡም ሲባል ብሰማ አንጀቴ አልችል ስላለኝ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል ስል በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እስከ ቅዳሜ ከተማውን ለቀን እንድንወጣ ያዘዙን የጨው ነጋዴው የዑስማን ቤተሰቦች፣ አላህ ይመስገን፣ ደህና ነን።

፩ኛ. «የአገር ልጅ ነኝ ባይ ሁሉ በሽማግሌ ፊት ሰባት አባቶቹን ይቁጠር፤ ያቃተው መጤ ነውና መታወቂያውን መልሶ ወደመጣበት ይሂድ» ብለው ስላወጁ አመሰግናለሁ። አባቴ ቆጥሮ ቆጥሮ አምስተኛው ላይ ሲደርስ፣ ሰውዬው ጨው ጭኖ ከአፋር ቆላ የወጣ ሆኖ ተገኘና ፈተናውን ወደቀ። አራቱ እዚሁ ተቀብረዋል፤ ሙታን መታወቂያ ስለሌላቸው ግን አልተቆጠሩልንም።

፪ኛ. በአባቴ ጨው ወጣቸውን ሲያጣፍጡ የኖሩት ሽማግሌዎቻችን፣ ያን ጊዜ መሬት መሬት ስላዩ ምስጋናዬ ይድረሳቸው። መሬቱ የማን እንደሆነ እየመረመሩ ይሆናል።

፫ኛ. ከሁሉም በላይ «እንዲህ ነው የሚቆጠር!» ብለው ደረትዎን ነፍተው ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም። አራተኛ አባትዎን፣ የቅርባችንን የጽጽቃ ሰው ወልደ ሐዋርያትን ሲጠሩ፣ ጥግ ይዘው ያንቀላፉ የነበሩት አለቃ ገብረ ሊባኖስ ብንን ብለው «ምነው ልጄ፣ እሱማ የሚስትህ የደብሬም አራተኛ አባት ነው! ሳጋባችሁ ከላስታ የመጣሁ ባዳ ነኝ አላልከኝም?» አሉ። ወይዘሮ ደብሬ ነጠላቸውን ተከናንበው ሲወጡ፣ እርስዎ ስምንተኛውን አባት የሚፈልጉ ይመስል ጣሪያ ጣሪያውን ያዩ ነበር።

ተማሪ ነኝና አንዲት ነገር ያስረዱኝ። ቆጠራዎ እውነት ከሆነ፣ እስከ ሰባት ቤት ዘመድ አይጋባምና፣ እኅትዎን አግብተው ለልጆችዎ አባትም አጎትም ሆነዋል፤ እንኳን ደስ ያለዎት። ውሸት ከሆነ ደግሞ የላስታ ሰው ነዎትና፣ በራስዎ አዋጅ ቅዳሜ ከእኛ ጋር ይወጣሉ። ለሚስት ሲሆን ባዳ፣ ለወንበር ሲሆን የአገር ልጅ መሆን እንዴት እንደሚቻል ግን፣ እኛ መጤዎች ገና አልተማርንም።

በአራት መቃብር ብቻ የሰቆጣ ሰው ነኝ የምል፣ ለሰባት አባቶችዎ ሰባት ጊዜ እጅ የምነሣ፣
ታዛዥ መጤዎ
ሙሚና ዑስማን
የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ

ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት፦ ዕቃችንን ጭነን እንድንወጣባት ያዘዙን በቅሏችን ትናንት ሥራ አግኝታለች፤ ወይዘሮ ደብሬ ሳጥናቸውን ጭነው ወደ ወንድማቸው ቤት ሄደውባታል። የላስታንም መንገድ አሳምራ ታውቃለችና፣ ቅዳሜ በደጅዎ አስረናት እንጠብቅዎታለን።