እስክሪብቶ ያለው ስልክ በአናጺ እጅ

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ስልኩ በደረሰ በሃያ ስድስተኛው ቀን

ለልጄ ለሚሊሜትር፤

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ ደረጃውን ስትወጣ ጉልበቷ ያጉረመርማል፣ እሷም አብራው ታጉረመርማለች። ቀጭኑም አለ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር ቫርኒሽ ሲቀባ አንድ ቀን ሳይወፍር ይኸው ሸበተ። ለብቻው ሰላም በልልኝ ብሎኛል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ በላክሽው ስልክ ላይ፣ በራሱ እስክሪብቶ ነው። ስለዚህ መስመሩ ቢንጋደድ ግማሹ የእኔ ጥፋት፣ ግማሹ የእሱ ነው። ስልኩ መጀመሪያ የእጅ ጽሑፍህን ወደ ማተሚያ ፊደል ልለውጥልህ ብሎኝ ነበር። አንድ ገጽ ሙሉ ጽፌ ሰጠሁት። አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብና አንድ የጥያቄ ምልክት አወጣልኝ። እናትሽ "እኔ ሠላሳ ዓመት ሞክሬ ያቃተኝን እሱ በአንድ ቀን ሊያነብልህ ኖሯል?" ብላ እስኪበቃት ሳቀችብኝ። አንቺ ጽሑፌን ማንበብ ታውቂበት ስለነበር እንዳለ ይድረስሽ ብዬ ተውኩት።

ካርቶኑ ውስጥ ያስቀመጥሽውን ብጣሽ ወረቀት አግኝቻለሁ። "ለአባዬ። ስልኩ ርካሽ ነው፣ ግን እስክሪብቶ አለው። ጥንካሬውንና ድክመቱን ራስህ ንገረኝ። ካልተመቸህ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይመለሳል።" ራስህ የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አልነግርሽም። አራት ዓመት ሙሉ የተነጋገርነው በእናትሽ በኩል ነው። አንቺ "አባዬ እንዴት ነው?" ትያታለሽ፤ እሷ ወደ እኔ ዞራ "እንዴት ነህ?" ትለኛለች፤ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ "ደህና ነው በያት" እላለሁ፤ አንቺም ድምፄን እየሰማሽ እሷ እስክትደግምልሽ ትጠብቂያለሽ። ባለፈው መርሯት "እኔ የስልክ እንጨት ነኝ እንዴ?" ብላ ቁጭ አደረገችው።

ለዕረፍት ልትመጪ እንደሆነ ነግራኛለች። አክስትሽ ቤት እንደምታርፊም ነግራኛለች። እሱን በኋላ እመጣበታለሁ። አሁን የጠየቅሽኝን ልመልስ።

ከጥንካሬው ልጀምር። ትልቁ ጥንካሬው ስክሪኑ ሳይበራ መጻፍ መቻሉ ነው። እስክሪብቶውን ከጎኑ መዝዤ ጥቁሩ ላይ "ሰማንያ ሁለት በአርባ" ብዬ ጽፌ እመልሰዋለሁ፤ አለቀ። እንደምታውቂው እኔ ልክ የምጽፈው ያገኘሁት ቁራጭ እንጨት ላይ ነበር። ባለፈው ዓመት የአንዲት ደንበኛን የመኝታ ቤት ቁምሳጥን ልክ አንድ ጣውላ ላይ ጽፌ ብሄድ ቀጭኑ ጣውላውን በመላጊያ እንደ መስታወት አድርጎ ጠበቀኝ። "አባባ፣ አየህ እንዴት እንደለሰለሰ?" ይለኛል። ሴትዮዋ ቤት ተመልሼ እንደገና ስለካ ምን እንዳልኳት አሁንም ስለማፍር ይቅር። ይህ ስልክ በመላጊያ አይላግም። ይህ ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም።

ሁለተኛው፣ ፎቶ ላይ መሳል መቻሉ ነው። ግድግዳውን አነሳለሁ፣ ከዚያ በላዩ መደርደሪያውን እስላለሁ፣ ልኩን በየቦታው እጽፋለሁ። ደንበኛው ያልተሠራውን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ቆሞ ያየዋል። ድሮ በአየር ላይ በእጄ እየሳልኩ "እዚህ ጋ በር፣ እዚህ ጋ መሳቢያ" ስል ሰዎች ትንኝ የማባርር ይመስላቸው ነበር። ባትሪውም ጎበዝ ነው፤ አንዴ ቻርጅ ካደረግኩት ሁለት ቀን ያውለኛል። ስክሪኑም ሰፊ ስለሆነ መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን አላተራምስም።

ወደ ድክመቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እናትሽም ቀጭኑም ምስክሮቼ ናቸው። አንደኛ፣ የጣት አሻራ። ልጄ፣ ሠላሳ ዓመት ብርጭቆ ወረቀት የላጠው ጣት ምን አሻራ ይኖረዋል? አሥሩንም ተራ በተራ አስቀመጥኩለት። "አልታወቀም" አለኝ፤ በገዛ ዕቃዬ ሌባ ሆንኩ። በመጨረሻ የእናትሽን ጣት አስመዘገብንና ለአንድ ሳምንት ስልኬን ለመክፈት ባለቤቴን ከፎቅ እጠራ ነበር። እሷ ይሄንን ከጥንካሬው ቁጠረው ብላለች። አሁን በቁጥር አድርጌዋለሁ፤ ቁጥሩን ግን እሷም ታውቀዋለች።

ሁለተኛ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ምንም አያሳይም። ልኩን ላይ ብዬ ስከፍተው ያየሁት የራሴን ፊት ነው፤ ጢሜን መላጨት እንዳለብኝ ካላስታወሰኝ በቀር ጥቅም አልሰጠኝም። ካሜራው ብርሃን ሲያንስ ይደናበራል። ብዙ ነገር አንድ ላይ ስከፍትበት ደግሞ ዝም ብሎ ያስባል፤ እንዳይቀየም እየፈራሁ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። እስክሪብቶው የሚገባበት ቀዳዳ ሰጋቱራ ይውጣል። በቀለም ብሩሽ እየጠረግኩለት ነው።

እስክሪብቶው ራሱ ቀላል ነው፤ ሲበዛ ቀላል። ስንጥር የያዝኩ ነው የሚመስለኝ። ችግሩ የመጣውም ከዚህ ነው። እኔ እርሳስ የማስቀምጠው ጆሮዬ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ። እሱንም ሳላስበው እዚያው ሰካሁት፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ። ከዚያ ጣውላ ላይ ላሰምር ስል መስመር የለም። ተጫንኩት፣ የለም። እርሳሱ ተበላሽቷል ብዬ ቀጭኑን ተቆጣሁ። እሱም ቀስ ብሎ "አባባ፣ በስልኩ እስክሪብቶ ነው የምታሰምረው" አለኝ። እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። በማግስቱ ደግሞ በአናጺ እርሳስ ስክሪኑ ላይ ጻፍኩበት። ጭረቷ ከታች በስተቀኝ አለች፤ ትንሽ ናት። እመልሰዋለሁ ብል እንኳ የሚቀበለኝ ያለ አይመስለኝም።

የመጨረሻው ድክመት ግን መዳፌ ነው። ስጽፍ መዳፌን ስክሪኑ ላይ አሳርፋለሁ፤ ስልኩም አንዳንዴ እስክሪብቶውን ትቶ መዳፌን ይሰማል። ያለፈው ዓርብ የሆነውም ይኸው ነው። የአንዲት ደንበኛዬን የመድኃኒት ቤት ግድግዳ አንስቼ መደርደሪያውን ስዬላት ልልክላት ነበር። ስልኩ ላይ "መድኃኒት ቤት" እና "ሚሊሜትር" ብዬ የመዘገብኩሽ አንቺ ከላይና ከታች ተደርድራችኋል። መዳፌ ነካው። ሥዕሉ ሄደ። ወደ አንቺ መሄዱን ሳይ፣ መልሼ የምጎትተው ነገር መስሎኝ ስክሪኑን ወደ ራሴ ስስብ ቀጭኑ አይቶኛል።

ከዚያ የሆነውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ እኔ ጋ የሆነውን ግን አታውቂም። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሥዕሌ ተመለሰ፣ በላዩ ቀይ መስመር ተሰምሮበት። "ዘጠና፣ መቶ ሃያ፣ ዘጠና። ድምሩ ሦስት መቶ ነው። አንተ የጻፍከው ሦስት መቶ አስር። አባዬ፣ አስሯን አልቀነስካትም።"

የዚያን አሮጌ ሜትሬን አመል ከአንቺና ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም። ጫፉ ተሰብሮ መጀመሪያው ስለማይታመን ከአስር ላይ ጀምሬ እለካና አስሯን እቀንሳለሁ። ሦስቱን ቀንሼ ድምሩን ረስቼዋለሁ። የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ በዚያ ልክ ልቆርጥ ጣውላውን ጠረጴዛው ላይ አውጥቼ መጋዙን ይዤ ነበር። መጋዙን አስቀመጥኩ። በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩና ቀይዋን መስመር አየኋት። ሃያ ደቂቃ ሳስብ ቆይቼ "አየሁት" ብዬ ብቻ ላክሁልሽ። ሌላ ብዙ ነገር ነበረኝ፤ እልህ አይደለም ያስቀረኝ፣ ማፈር ነው። ሰኞ ዕለት ደግሞ ወጥቼ አዲስ ሜትር ገዛሁ። ሻጩ አሮጌውን አይቶ "ይሄን ሙዚየም ስጠው" አለኝ።

አሁን እመጣበታለሁ ወዳልኩት ነገር ልምጣ። ከአራት ዓመት በፊት የጥርስ ሐኪሙ ቤት፣ የወጥ ቤቱን ቁምሳጥን ስንለካ፣ አንቺ ደብተሩን ይዘሽ ይህንኑ ቃል ነበር ያልሽኝ፦ "አባዬ፣ አስሯን አልቀነስካትም።" ሐኪሙና ሚስቱ ቆመው ነበር። ፊቴ ነደደ። "እኔ ሳልሠራ ነው ያደግሽው?" አልኩሽ። ወርክሾፕ እንደተመለስን ደግሞ ምላሴን በቆረጠውና፣ "ከዛሬ ጀምሮ ወርክሾፔን እንዳትረግጪ" አልኩሽ። ወደ ቤታችን የሚያስገባው በር ደግሞ የወርክሾፑ በር ብቻ ነው። ሲናገሩት አንድ ቃል ነው፤ ስትሰሚው ግን ከሁለቱም አስወጥቼሽ ኖሯል። በሦስተኛው ሳምንት ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ።

የማታውቂውን ልንገርሽ። ቁምሳጥኑ አልገባም። አስር ሴንቲሜትር፣ ቁርጥ ያለች አስር ሴንቲሜትር ተረፈ። እኔና ቀጭኑ ኮላው የደረቀውን ሁሉ ፈትተን ሦስት ቀን እንደገና ሠራነው። ለሐኪሙ እንጨቱ ዘግይቶ ነው አልኩት። ለእናትሽ ምንም አልተነፈስኩም። ቀጭኑንም አስምዬዋለሁ። እሱ አራት ዓመት ምስጢሬን ጠብቋል፣ እኔ ግን ልክ ለነበርሽው ልጄ ልክ ነበርሽ ለማለት አራት ዓመት ፈጀብኝ። አዲስ ሜትር ያልገዛሁትም ለዚህ ነው፤ የገዛሁ ዕለት ጥፋተኛው እኔ መሆኔን ያመንኩ ያህል ነበር የሚሰማኝ። ልክ ነበርሽ። ይቅር በዪኝ። ያን ቃል አንስቻለሁ፤ ዛሬ ጠዋት ለእናትሽም ሁሉንም ነገርኳት። መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ያገኘችውን ጨርቅ ወረወረችብኝ፣ ከዚያ "ጻፍላት" ብላ ስልኩን ከነቻርጀሩ አመጣችልኝ።

ስልኩን በተመለከተ የመጨረሻ ቃሌ ይህ ነው። እንጨት ቢሆን ጠንካራ እንጨት አይደለም፤ ከተጨመቀ ፍቅፋቂ የሚሠራው ችፑድ ነው። ግን ችፑድን በቦታው ካዋልሽው፣ ውሃ ካላስነካሽውና ከአቅሙ በላይ ካልጫንሽበት፣ ዓመታት ያገለግላል። እንደኔ ላለ ሰው ውዱን መግዛት አያስፈልግም። አትመልሽው። መዳፌን የሚሰማበትንም ድክመት ማንም እንዳያስተካክለው።

ክፍልሽን የጣውላ መጋዘን አድርጌው ነበር። ትናንትና ከትናንት ወዲያ ከቀጭኑ ጋር አውጥተን ጨረስን፤ መስኮቱ እንደገና ታየ። አልጋሽን በጊዜው ለሰው ሰጥቻለሁ፤ ይህም ሌላ ጥፋቴ ነው። ስለዚህ አዲስ እሠራልሻለሁ። ከዚህ ደብዳቤ ቀጥሎ ያለው ገጽ ሥዕሉ ነው። ርዝመቱ ሁለት ሜትር፣ ከሥሩ ሁለት መሳቢያ፣ ራስጌው ላይ መጽሐፍ ማስቀመጫ አለው። ስፋቱን ግን ባዶ ትቼዋለሁ። ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁለት? ጠይቃት ያለችኝ እናትሽ ናት፤ እኔ የምፈልገው ልኩን ብቻ ነው።

ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፣ እጅሽ አይዛል፣ ዓይንሽ እንዲህ እንደሰላ ይኑር። ሥዕሉ ላይ ስህተት ካለ በቀይ አስምሪበት፤ ማንም ፊት ቢሆን ግድ የለኝም። የአልጋሽ ጣውላ ጠረጴዛው ላይ ነው። ልኩን ከአንቺ እስክሰማ አልቆርጠውም።

የሚናፍቅሽ
አባትሽ