ፈረስ ያለባቸው ባትሪዎች

መርሳ፣ ረቡዕ፣ የካቲት 9 ቀን 2014 ዓ.ም.

ልጄ ሐሰን ጦርነቱ ሳይደርስብን ከቻይና ያዘዛቸው የእጅ ባትሪዎች ዛሬ ሱቅ ደረሱ። በጥይት ከሞተ አምስት ወሩ ነው። ካርቶኑን ስከፍት በየባትሪው ላይ ፈረስ ታትሞ አገኘሁ፤ ሐሰን ደብተሩ ላይ ስሎት ያየሁት ፈረስ ነው።

ጎረቤቴ ሐጂ ሰይድ ድሮ እሳቸውም ዕቃ ያስመጡ ነበር። አገላብጠው አዩና፣ «የሐሰን እናት፣ እንዳትሸጪ። ይህ ፈረስ የአንድ አዲስ አበባ ያለ አስመጪ የንግድ ምልክት ነው፤ በስሙ አስመዝግቦታል» አሉኝ።

«ልጄ በእጁ የሳለው ነውኮ፣ ሐጂ!»

«የሚጠየቀው ማን አስቀድሞ አስመዘገበ ነው። ምናልባት ሐሰን አስፈቅዶት ይሆናል፤ ወረቀት ካለ ፈልጊ።»

«ፈረሱን ብፍቀውስ?»

«ያን ጊዜ ደግሞ ምን ደበቅሽ ይሉሻል» ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን በመሳቄ አፈርሁ።

የሐሰንን ወረቀት ሁሉ አገላበጥሁ። ፈቃድ የሚል አጣሁ። ከሰው ዕቃ ላይ አይቶ ይሆን የሳለው? ወይስ ከራሱ አውጥቶ? ወልድያ ንግድ ቢሮ ሄጄ ልጠይቅ እላለሁ፤ ልጅሽ የሰው ምልክት ሰርቋል ቢሉኝስ? ሳልጠይቅ ብሸጥ ደግሞ አሁን ሌባዋ እኔ ነኝ።

አመሻሽ ላይ ከጎረቤት ከተማ ከግራና የመጣች ሴት፣ «መብራት የለን፤ ባትሪ ይኖርዎታል፣ እማማ?» አለችኝ። የለም አልኋት። ዓይኗ ግን የተከፈተው ካርቶን ላይ ነበር።