ዓይን አይቶ የሚፈርደው ሻምበል

እሑድ፣ የካቲት 1

ጠዋት ሁለት የተማሪ ልብስ ሰፍቼ ጨረስኩ። ከሰዓት ቀበሌ አዳራሽ ቴሌቪዥን ለማየት ሄድኩ። የሻምበል ፈለቀ ድራማ ሁለተኛው ዙር፣ ሦስተኛ ሳምንቱ። ባልሄድኩ! ተናድጄ ተመለስኩ።

አምና እኮ ሻምበሉ ሰው ነበር። ሌባ ለመያዝ በር ይለካል፣ ጋሪ ነጂ ይጠይቃል፣ ይሳሳታል፣ ተመልሶ ይሄዳል... ላቡ ይታይ ነበር። ዘንድሮስ? ወንበር ላይ ተዘርፍጦ ሰውየውን ዓይን ዓይኑን ማየት ብቻ። ሙዚቃው ድም... ድም... ሰውየው ዓይኑን ሰበረ። “ንጹሕ ሰው ዓይኑን አይሰብርም! ገዳዩ አንተ ነህ!” በቃ። ሰውየውም አመነ! ይሄ ምርመራ ነው ጥንቆላ?

አፌን መቼ እይዛለሁ። “ደራሲው ደክሞታል፣ ይተኛ!” አልኩ ጮክ ብዬ። ሰው ሳቀ። የቀበሌያችን ጥበቃ ኃላፊ ደምመላሽ ከፊት ዞሮ፣

“ሸዋረገጥ፣ ዝም ብለሽ እይ። ሳይንስ ነው” አለኝ።

ሳይንስ! ስድስተኛ ክፍል እንኳ አልጨረሰም። እኔም አልጨረስኩም፣ ግን ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ። እኛ ጋ ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የማይሰብር ሰው ምን ይባላል? ባለጌ። ይሄን ደራሲው እናቱ አልነገረችውም?

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ስፌቱን ጥዬ ነው የምጽፈው። ከንዴት።

ከህብረት ሱቅ አንድ ኩንታል ስኳር ጠፋ። በሩ አልተሰበረም። ደምመላሽ ምን አደረገ? የሱቁን ሠራተኞች አንድ በአንድ ቢሮው አስገብቶ ዓይን ዓይናቸውን አየ! ብርሃንነሽ ናት የነገረችኝ፣ እሷም እዚያው ሻጭ ናት።

“እኔማ አፈጠጥኩበት፣ ሂጂ አለኝ። አይሻ ግን ገና ሲያያት መሬት መሬት...”

አይሻን አሰራት። የጎረቤቴን የአባ ሱሌይማንን ልጅ! አባቷ ፊት ቀና ብላ የማታውቅ ልጅ፣ ሽጉጥ የታጠቀ ሰው ፊት ታፍጥጥ? አስተዳደጓ ነው እኮ ያሳሰራት! ሰኞ ወደ ከፍተኛው እስር ቤት እልካታለሁ ብሏል። እዚያ የገባ መቼ እንደሚወጣ ማን ያውቃል...

አባቷ አጥር ስር ቁጭ ብለዋል። “ያ ረቢ፣ ያ ረቢ” ብቻ።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

በቀበሌው በኩል አለፍኩ። መስኮቱ ጋ ቆማ ነበር።

“እትዬ ሸዋ... እትዬ ሸዋ፣ ማሎ... ይድረሱልኝ...”

የቀበሌው ዘብ መሣሪያውን ይዞ ያየኛል። ክር ሊገዛ እንደቸኮለ ሰው አለፍኩ። አዳራሽ ውስጥ የሚጮኸው አፌ የት ሄደ?

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ገበያ ቀን። ወይዘሮ መንበረ ያሰፉትን ቀሚስ ሊወስዱ መጡ። የደምመላሽ እናት። ዝም ልል ነበር። አልቻልኩም።

“እማማ፣ ልጅዎ የሰው ዓይን እያየ ያስራል።”

“ምን አልሽ?”

ነገርኳቸው። ቀሚሱን አልለኩትም። “ተነሺ!” አሉኝ።

ቢሮው ስንገባ ደምመላሽ ብድግ አለ።

“እማዬ፣ እዚህ ምን...”

“ዓይኔን እየኝ።”

“እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሰው አለ...”

“እየኝ አልኩህ!”

ወለሉን አየ። ጫማውን አየ። ጠረጴዛውን አየ። እናቱን ማየት አቃተው።

“ስኳሩን የት አደረግከው ታዲያ?” አሉት።

በሩ ላይ የተሰበሰበው ሰው በሳቅ ፈረሰ። ዘቡ ሳይቀር።

ያኔ አፌ ተመለሰ። “ጓድ ደምመላሽ፣ የአምናውን ሻምበል ረሳኸው? ኩንታል በዚያች ልጅ ትከሻ ይሄዳል? በሩ ካልተሰበረ ቁልፉ ማን ጋ ነበር? አንድ ጋሪ ነጂ ጠይቀሃል?”

“ስለ ድራማ ልታስተምሪኝ ነው?”

“አዎ! የተበላሸውን መርጠህ ከተማርክ ምን ላድርግ!”

ፊቱ ቀላ። ግን እናቱ ቆመዋል። አይሻን አስጠርቶ “ዋስ ጥሪ” አላት። “እኔ ነኝ ዋሷ” ብዬ ፈረምኩ። ፈርሜ ስጨርስ ጠጋ ብሎ በቀስታ፣ “ስኳሩ እስከ ሰኞ ካልተገኘ አንቺም ትገቢያለሽ” አለኝ።

አስፈራራኝ እንግዲህ። እናያለን።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ስፌቱን ዘግቼ ጋሪ ተራ ዋልኩ። አራት ጋሪ ነጂ ጠየቅኩ፣ የለም። አምስተኛው ዳባ።

“ሰሞኑን ኩንታል የጫነ ታውቃለህ?”

“ኤዬ፣ አውቃለሁ። እኔ ራሴ። ሰኞ ማለዳ ከህብረት ሱቅ። ዘቡ ነው ያስጫነኝ። የቀበሌ ነው አለኝ፣ እኔ ምን ላውቅ?”

ዘቡ! ለካ የሱቁ ቁልፍ ማታ ማታ እሱ ጋ ነው የሚያድረው! ትናንት ከሰው ጋር የሳቀው! ዓይኑን ሰብሮ የማያውቅ፣ አላፊ አግዳሚውን አፍጥጦ የሚያይ... በሻምበል ፈለቀ ሳይንስ ቢሆንማ ከሱ በላይ ንጹሕ የለም።

ዳባን ይዤ ደምመላሽ ቢሮ ሄድኩ። ስኳሩ ዘቡ ቤት፣ አልጋ ስር ተገኘ። ደምመላሽ ይቅርታ አለ? አላለም። “ምርመራው ቀጥሎ ነበር” አለ። ቀጥሎ ነበር!

እሑድ፣ የካቲት 8

ዛሬም ሻምበሉ አፈጠጠ። ሙዚቃው ድም... ድም... ከኋላ አንዱ “እናቱን ጥሩለት!” ብሎ ጮኸ። አዳራሹ ተናጋ። ደምመላሽ አልመጣም ነበር። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም። ጨርሼም አላየሁት፣ ወጣሁ።

አባ ሱሌይማን ጠዋት ሊያመሰግኑኝ መጥተው ነበር። “ጀዛኪላህ ኸይር” አሉኝ። ቆይተው፣ “ልጄ ግን ተለወጠችብኝ። ሳናግራት ዓይኔን ቀጥ አድርጋ ታየኛለች። እኔ ነኝ የማቀረቅረው” አሉ።

ከአዳራሹ ስመለስ አይሻ ስፌት ቤቱ በር ላይ ቆማለች። አልተቀመጠችም። እውነትም ቀጥ ብላ ታያለች። ያቺ ልጅ አይደለችም።

“እትዬ ሸዋ፣ ረቡዕ ዕለት ስጠራዎት አልሰሙኝም?”

ሐሙስ ዕለት ለደምመላሽ ያ ሁሉ ቃል ከየት መጥቶልኝ ነበር? ዋስ ሆኜልሽ የለም እንዴ ልላት ፈለግኩ። ዘቡ ያየኝ ነበር ልላት ፈለግኩ። ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም... የስፌት መኪናውን አየሁ፣ መቀሱን አየሁ፣ መሬት የወደቀውን ቁርጥራጭ አየሁ።

“ሰምቼሻለሁ” አልኩ፣ ለቁርጥራጩ።