የታሸገው የውሃ ታንከርና የሰጠሁት ምስክርነት

ኢትዮጵያ ትቅደም

ቀን፦ ታኅሣሥ 11 ቀን 1975 ዓ.ም.

ለአውራጃው ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት
አሰላ

ግልባጭ፦ ለአውራጃው ጤና ጥበቃ ጽሕፈት ቤት

አመልካች፦ ወ/ሮ የሺሃረግ ወልደጻድቅ፣ የቀይ በር ተማሪዎች ማደሪያ የጽዳት ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ በቧንቧ ሠራተኛው በሁሴኖ ቶላ ላይ የሰጠሁት ምስክርነት እንዲታረም፣ ሳይታጠቡ ታሽገው የሚገኙ የውሃ ታንከሮችም እንዲከፈቱ ስለመጠየቅ

የተከበሩ ጓድ ዐቃቤ ሕግ፣

1. እኔ አመልካች ዕድሜዬ ሃምሳ ሰባት ዓመት ነው። ከጎበሳ፣ ከአርቦዬና ከዴራ ለትምህርት የሚመጡ ልጆች በሚያድሩበት በቀይ በር ማደሪያ በጽዳት ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት አገልግያለሁ። ሕንፃው ውሃ የሚያገኘው ጣሪያው ላይ ከተቀመጠ የብረት ታንከር ነው። እስከ 1970 ዓ.ም. ድረስ ይህን ታንከር በየሦስት ወሩ ውስጡ ገብቼ በብሩሽ የምፈትገው እኔ ነበርኩ። ሲያልቅ ክሎሪን ይጨመርበትና ውሃው አንድ ሌሊት ሳይጠጣ ያድራል። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው አልነበረም። እጠቢ ተባልኩ፣ አጠብኩ።

2. በ1970 ዓ.ም. በጥር ወር ፀረ ሕዝቦች በውሃ ውስጥ መርዝ ይጨምራሉ የሚል ወሬ በከተማው ተነዛ። የማደሪያው አስተዳዳሪ ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ የታንከሩን ክዳን በሽቦ አስጠፍሮ ቁጥር ባለው የእርሳስ ማኅተም አሳሸገው። ክዳኑ የሚከፈተው በሦስት ሰዎች ፊርማ ብቻ እንዲሆን ተወሰነ። ሦስቱ ሰዎች አንድም ቀን አብረው ፈርመው አያውቁም። ዘበኛው በየቅዳሜው ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ እሽጉ አለመነካቱን አይቶ ይወርዳል፣ መሰላሉን የምይዘው እኔ ነኝ። በዚህ ዓይነት አራት ዓመት ከዘጠኝ ወር ታንከሩ ሳይታጠብ ኖረ። ክረምት ክረምት ልጆቹ ወደየአገራቸው ሲሄዱ ውሃው እዚያው ውስጥ ሁለት ወር ይቆማል፤ በመስከረም ሲመለሱ ያንኑ ይጠጣሉ።

3. በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ በመስተዋት ውስጥ የተሰቀለ የጤና ጥበቃ መመሪያ አለ። መስተዋቱን በየሳምንቱ ስወለውል ዓመታት አልፈዋል፤ ማንበብ የቻልኩት ግን በመሠረተ ትምህርት ተምሬ በ1973 ዓ.ም. ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ያን ጊዜም ቢሆን ፊደል ለመለማመድ አንብቤዋለሁ እንጂ ነገሩን ልብ ብዬ አላነበብኩትም። መመሪያው የሚያዘው እንዲህ ነው። የሕንፃ ውሃ ማጠራቀሚያ በየሦስት ወሩ ታጥቦ ክሎሪን ይደረግበታል። የትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ አፉ ላይ ወንፊት ይደረጋል። ሕንፃው ተዘግቶ ከቆየ የቆመው ውሃ በሙሉ ተለቅቆ ቧንቧዎቹ ይታጠባሉ። ውሃው በዓመት ሁለት ጊዜ ይመረመራል። የሕንፃው ኃላፊ ይህን ባይፈጽም በሕግ ይጠየቃል። ማሸግ የሚል ቃል በመመሪያው ውስጥ የለም።

4. ልጄ ፋናዬ በማደሪያው ወጥ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር። ከወለድኳቸው አራት ልጆች የቀረችኝ እሷ ብቻ ነበረች። ጥቅምት 9 ቀን ትኩሳትና ተቅማጥ ያዛት። በዚያው ሳምንት ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ታመሙ፤ ከጎበሳ የመጣ አንድ ተማሪም ሞተ። ፋናዬ ጥቅምት 17 ቀን ዐረፈች። እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ውሃ፣ ውሃ ትለኝ ነበር። ከዚያው ከማደሪያው ቧንቧ እየቀዳሁ አጠጣኋት። ይህንን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም፤ መዝገቡ እንዲያውቀው ነው።

5. በተቀበረች በአራተኛው ቀን ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ድንኳን ድረስ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንቺ ሲለኝ የኖረ ሰው ያን ቀን እርስዎ አለኝ። «እትዬ የሺሃረግ፣ ልጅዎን የገደላት ሰው አለ። ጣሪያው ላይ ማን ሲወጣ ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። በመስከረም ወር ከታንከሩ ውጭ ያለውን የተበላሸ የቧንቧ መክፈቻ ለመቀየር ሁሴኖ ቶላ ወጥቶ እንደነበር ነገርኩት። «ምን ሲል ሰምተውታል?» አለኝ። የሰማሁትን ነገርኩት። ሁሴኖ ከመሰላሉ ሲወርድ በሁላችን ፊት፣ «ይህ ውሃ አንድ ቀን ሰው ይገድላል» ብሏል።

6. ይህን ቃል መስማቴ እውነት ነው። ነገር ግን ያን ቀን የተናገረው ይህን ብቻ አልነበረም፤ ጎዶሎ አድርጌ መሰከርኩ። ሁሴኖ ያለው በሙሉ እንዲህ ነው፦ «አዴ፣ ቱቦው ይሸታል። ይህ ታንከር ተከፍቶ ካልታጠበ ይህ ውሃ አንድ ቀን ሰው ይገድላል። እባክሽ ለአለቃሽ ንገሪው፤ እኔንማ አይሰማኝም።» አዴ የሚለኝ በአገሩ ልማድ ለእናት እንደሚባለው ነው። እኔም ለአለቃዬ አልነገርኩም። ጓድ ወልደ ጊዮርጊስ ከበሩ ላይ ቆሞ ራሱ ሰምቶታል፤ «አንተ ቧንቧህን አጥብቅ፣ ፖለቲካውን ለእኛ ተወው» ብሎት ሳቀ። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

7. ለምን አጉድዬ እንደመሰከርኩ ልናገር። አንደኛ፣ ልጄ በከንቱ ሞተች ከሚለኝ ይልቅ ሰው ገደላት የሚለኝ ሰው ያን ቀን ቀለለኝ። ሁለተኛ፣ በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የሟች ባለቤቴ እርሻ ለሁሴኖ አባት ለአቶ ቶላ ደርሷል። ይህን የምጠቅሰው አዋጁን ለመንቀፍ አይደለም። መሬቱን ሲያርሱ የኖሩት እነሱ መሆናቸውን እኔም አውቃለሁ። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ የዚያን ቤት ሰላምታ የምመልሰው በግማሽ አፍ ነበር። ሁሴኖ ግን ሲያገኘኝ ሁልጊዜ ባልዲዬን ተቀብሎኝ ደረጃውን ያወጣልኛል። ይህም ያናድደኝ ነበር።

8. በዚያው ቀን ለመርማሪው የሰጠሁት ቃል ተጽፎ ሲመጣልኝ በጣት አልፈረምኩም፤ በተማርኩት ፊደል ስሜን ጻፍኩ። ከመሠረተ ትምህርት የምስክር ወረቀቴ በቀር በሕይወቴ የፈረምኩበት ወረቀት ይህ ብቻ ነው። ማንበብ እችል ነበር፤ አላነበብኩትም። «ዛተ» ተብሎ መጻፉን ያወቅሁት ቆይቼ ነው። በማግስቱ ሁሴኖ ውሃውን መርዟል ተብሎ ተያዘ። ዛሬ አርባ ዘጠኝ ቀኑ ነው።

9. ጥቅምት 24 ቀን ታንከሩ ሲከፈት መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ዘበኛው ሽቦውን በፒንሳ ሲቆርጠው እሽጉ እንደነበረ ነበር፤ እርሳሱ ላይ ያለው ቁጥርም በመዝገቡ ከተጻፈው ጋር አንድ ነው። ውስጡ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጥቁር ዝቃጭ፣ የእርግብ ላባና አጥንት፣ የአይጥም ሬሳ ወጣ። የገቡት ወንፊት በሌለው በትርፍ ውሃ ማፍሰሻው ቱቦ ነው። የጤና ጥበቃ የንጽሕና ተቆጣጣሪ (ሳኒቴሪያን) አቶ ኃይለየሱስ ውሃውን በጠርሙስ ወስደው ለምርመራ ወደ አዲስ አበባ ላኩት። ታንከሩ ታጥቦ ሲያበቃ ወንፊት ሳይደረግለት በዚያው ዕለት በአዲስ እርሳስ ተመልሶ ታሸገ።

10. የምርመራው መልስ ኅዳር 20 ቀን ደርሷል። ኅዳር 23 ቀን የአስተዳዳሪውን ቢሮ ስጠርግ ከጠረጴዛው ላይ አገኘሁት። ከመጥረጊያ ጋር የሚያውቀኝ ሰው ማንበብ መቻሌን ረስቶታል፤ ወረቀቱን ገልጦ ትቶት ነበር የወጣው። እያንዳንዱን ቃል ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «በተላከው ውሃ ውስጥ ምንም ዓይነት መርዝ አልተገኘም። ከእንስሳትና ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣ ባክቴሪያ በከፍተኛ መጠን ተገኝቷል። ውሃው ለመጠጥ አይሆንም» ይላል። ከላይ የተጻፈው ቁጥር 318/75 ነው። በእርስዎ ዘንድ ባለው የክስ መዝገብ ውስጥ ይህ ወረቀት ከሌለ፣ ለምን እንደሌለ እንዲጠይቁ አመለክታለሁ።

11. ይህን ካነበብኩ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ዝም ብያለሁ። ፈራሁ። በሐሰት የመሰከረ እንደሚታሰር ሰምቻለሁ። ደግሞም ልጄን የገደላት ሰው ነው ከሚለው ሐሳብ መለየት ከበደኝ። ያጠጣኋት እኔ፣ መሰላሉን ይዤ እሽጉን ስጠብቅ የኖርኩት እኔ፣ ሲነገረኝ የሳቅሁት እኔ መሆኔን መቀበል ነበረብኝና።

12. ስለዚህ የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ/ ጥቅምት 21 ቀን የፈረምኩበት ቃል ተነሥቶ በአንቀጽ 6 የጻፍኩት ሙሉ ቃል በቦታው እንዲመዘገብልኝ። የሁሴኖ ጉዳይ የሚሰማው ዓርብ ታኅሣሥ 22 ቀን ስለሆነ ከዚያ በፊት እንዲፈጸም።

ለ/ የምርመራው ውጤትና የእሽጉ መዝገብ ከአስተዳዳሪው እጅ ተወስደው ለፍርድ ቤቱ እንዲቀርቡ፣ አቶ ኃይለየሱስም ተጠርተው ያዩትን እንዲናገሩ።

ሐ/ የዋናው ሕንፃ ታንከር እሽግ ዛሬውኑ እንዲነሣና ወንፊት እንዲገባለት። በዚሁ አስተዳደር ሥር ያሉት የሴቶቹ ማደሪያና የሕፃናት መዋያው ታንከሮች ከ1970 ዓ.ም. ጀምሮ እንደታሸጉ ናቸው፤ አንድ ጊዜም አልተከፈቱም። ትናንት በመዋያው በኩል ሳልፍ ሕፃናቱ ከዚያ ውሃ ሲጠጡ በዓይኔ አይቻለሁ። ተከፍተው እንዲታጠቡ፣ እስኪታጠቡም ልጆቹ የፈላ ውሃ እንዲሰጣቸው ይታዘዝልኝ። የሚያጥብ ሰው ከጠፋ እኔ አለሁ፤ ሥራውን አልረሳሁትም።

መ/ በሐሰት በመመስከሬ የሚደርስብኝ ቅጣት ካለ፣ ሌላው ጥያቄ ሁሉ እስኪፈጸም ሳይጠበቅ ይፈጸምብኝ። ይቅርታ እንዲደረግልኝ አልጠይቅም።

13. በመጨረሻ አንድ ነገር አለ። መርማሪው ቃሌን ሲቀበለኝ የመስካሪ ስም በምስጢር ይያዛል ብሎኛል። በምስጢር እንዳይያዝ እጠይቃለሁ። የሁሴኖ ሚስት ዙቤዳ ፋናዬ ከሞተች ጀምሮ በየሦስት ቀኑ ከምንጭ የተቀዳ ውሃ በእንስራ ተሸክማ ትመጣልኛለች። ባሏ ከታሰረም በኋላ አላቋረጠችም። «ከዚያ ቧንቧ እንዳትጠጪ፣ አዴ» ትለኛለች። በባሏ ላይ ማን እንደመሰከረበት አታውቅም፤ እኔንም ጠይቃኝ ታውቃለች። አላውቅም ብያታለሁ። ይህን አቤቱታ በእጄ አስገብቼ የመዝገብ ቁጥሩን እንደተቀበልኩ የምሄደው ወደ ቤቷ ነው።

ለፍትሕ ካለኝ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
የሺሃረግ ወልደጻድቅ
በገዛ እጄ የጻፍኩት