የትንኝ ክንፍ በፀሐይ ላይ

ቡራዩ፣ የካቲት 20 ቀን 1953 ዓ.ም.

ውድ ደጊቱ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ዛሬ ያንን ለመጠየቅ ፊት ስለሌለኝ ዘልዬዋለሁ። የእኔ ነገር እንደወትሮው ነው፤ የሰው ሰዓት እፈታለሁ፣ እገጥማለሁ። ኦቦ ቀጄላም እንደወትሮው ብቅ እያሉ፣ «ቦጂያ፣ ሰዓቴን ከሰጠሁህ ወዲህ እኔ አረጀሁ፣ እሷ ግን ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም» ይሉኛል። ድሮ ቢሆን መልስ አላጣም ነበር። አሁን አጎንብሼ ብሎን እፈልጋለሁ።

በ1950 ኅዳር ላይ የሠራነውን ቴሌስኮፕ መቼም አትረሺውም። ቱቦው የቆርቆሮ ቧንቧ፤ የፊቱ ሌንስ መርካቶ ከሊፋ ሱቅ ተከራክሬ የገዛሁት፤ በዓይን በኩል ያለው ደግሞ ጣሊያን ጥሎት ከሄደ ስብርባሪ መነጽር የተነቀለ። ዓይን በሚጠጋበት በኩል በኩራዝ ጥላሸት ያጠቆርናትን ብርጭቆ እንገጥምና፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ፀሐይ ከባሕር ዛፉ ከፍ ስትል በየተራ እናያለን። አንቺ በጣሳ ክዳን ክብ አስምረሽ፣ ያየሻቸውን ጥቁር ነጥቦች በእርሳስ ታሰፍሪያለሽ። መሃላቸው ጥቁር፣ ጠርዛቸው ግራጫ። በሁለት ሳምንት ገደማ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደሚሻገሩ መጀመሪያ ያስተዋልሽው አንቺ ነሽ። እኔ «ገበያ እየሄዱ ነው» ስልሽ፣ «አይደለም አጎቴ፣ ፀሐይዋ ራሷ ናት የምትዞረው» ብለሽ አፌን አስያዝሽኝ። ሰባተኛ ክፍል ያልደረስኩ ሰውዬ፣ ያን ቀን ከእህቴ ልጅ ተማርኩ።

ኦቦ ቀጄላ አጎንብሰው ያዩ ዕለት፣ «ያ ዋቃዮ! ፀሐይም ፈንጣጣ ታወጣለች እንዴ?» አሉ። ፊታቸው የፈንጣጣ ጠባሳ እንዳለበት ታውቂያለሽ። «ከእርስዎ ተጋብቶባት ነው» አልኳቸው። ከሁላችን በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ። እኔ እንዲህ ያለ ሳቅ ካገኘሁ ሌላ ምሳ አያሻኝም ነበር።

አሁን የማታውቂውን ልንገርሽ።

ያን የታኅሣሥ ማክሰኞ አንቺ ደብተርሽን ልታመጪ ስትገቢ፣ በዓይን በኩል ያለውን ጫፍ ከነጥቁር ብርጭቆዋ ነቀልኩና ከውስጥ ባለው ሌንስ ላይ የትንኝ ክንፍ በምራቅ ለጠፍኩ። አዲስ ነጥብ ያገኘሽ መስሎሽ ስትፈነጥዢ፣ ኋላ ክንፉን አውጥቼ ላሳይሽ ነበር። መልሼ ስገጥም አውራ ጣቴ ላይ ጥላሸት አየሁ። ሱሪዬ ላይ ጠረግሁት። ጥላሸቱ ከየት እንደመጣ አላሰብኩም፤ ቀልዱ እንዳያመልጠኝ ቸኩዬ ነበር።

«አጎቴ፣ ዛሬ ደመቅ ብላለች!» አልሽ።

«አንቺን ስላየች ደስ ብሏት ነው።»

«ኧረ አዲስ ነጥብ! ጭራ ያለው!»

«ዓይንሽን ሳትነቅዪ ሣዪው» አልኩሽ።

አንቺም እንዳልኩሽ አደረግሽ። ለካ ጣቴ ከብርጭቆዋ ላይ ጥላሸቱን ጠርጎት ኖሯል፤ ዓይን ሲቃጠል እንደማያም ደግሞ እኔ አላውቅም ነበር። ፀሐይን በነጭ ወረቀት ላይ አሳርፎ ያለ አንዳች ጉዳት ማየት እንደሚቻልም ያነበብኩት በኋላ ነው።

ከሰዓት በኋላ እናትሽ ዘንድ ቁጭ ብለን ሳለ ቀኝ ዓይንሽን እያሸሽ፣ «ያቺ ነጥብ ዓይኔ ውስጥ ገባች። የእማዬ አፍንጫ ጠፋብኝ» ብለሽ ሳቅሽ። እናትሽ ጠጅቱ ግን አልሳቀችም። «ብርጭቆውን አንስተሽው ነው?» አለችሽ። አንቺ ወደ እኔ ዞርሽ።

«ሳታነሳው አልቀረችም» አልኩ።

ይኸው ነው፤ ከዚህ ሌላ አልተናገርኩም። ከሳምንት በኋላ ብቻዬን አግኝተሽኝ፣ «አጎቴ፣ አንስቼው ይሆን እንዴ? እኔ እኮ አላስታውስም» ስትዪኝ ደግሞ፣ «ትቸኩያለሽ፤ የቸኮለ ምን ያስታውሳል» አልኩሽ። አመንሽኝ። ጥር ላይ ልትገቢበት ያመለከትሽበት የነርስ ትምህርት ቤት ሐኪም ግራ ዓይንሽን ሸፍኖ አንብቢ ሲልሽ አቅቶሽ ተመለስሽ። እናትሽም ለሰማ ሁሉ፣ «አጎቷ እየመከራት በገዛ እጇ» አለች። እሱን መስማት ሲሰለችሽ ሰበታ ሄደሽ አረጋሽ ሱቅ ሻጭ ሆነሽ ገባሽ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ከእናትሽ ጋር ሰላምታ በሰው ነው።

ባለፈው እሑድ አቶ ዳኜ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ለሁንዴ ሊጠይቁሽ መጡ። ሁንዴ የኦቦ ቀጄላ ልጅ ነው፣ እዚያው ሰበታ የሚያስተምረው፤ ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለ ዓይንሽ ጠየቁ። «በሽታ ነው ወይስ የዘር?»

«ሁለቱም አይደለም» አለች እናትሽ። «አትንኪ የተባለችውን ነክታ ነው።»

«እንዲህ ነው፣ አቶ ቦጂያ?»

እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ።

«ዓይኑስ የእግዜር ነው፣ ይቻላል» አሉ አቶ ዳኜ። «ቃል አለመስማቱ ነው እንጂ፣ ለትዳር አያመችም። እስቲ እንመክርበት።» ተነሱ። እስከ አጥሩ ሸኘኋቸው። ተመልሼ ተቀመጥኩና ሐፍረት ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ለቅሶም አልመጣም። ውስጤ እንደ ቆመ ሰዓት ጸጥ አለ። የሰው ሰዓት ፈታሁ፣ ገጠምኩ፣ ራቴን በላሁ፣ ተኛሁ።

በማግስቱ ለጠጅቱ ሁሉንም ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ ስጨርስም መልቀሟን አላቆመችም።

«ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

«የነርስ ትምህርት ቤቱን ፈተና የማታልፍ አልመሰለኝም ነበር። ሳታልፍ ስትቀር ደግሞ ፈራሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ ልጄን አንተ ፊት ስረግማት ምን ትሠራ ነበር?»

«ሰዓት እሠራ ነበር» አልኳት። እየቀለድኩ አልነበረም።

ሰፌዱን አስቀመጠች። «ውጣልኝ» አለች።

ከዚያ ቀጥታ ኦቦ ቀጄላ ቤት ሄድኩ። አቶ ዳኜን አስጠርቼ ሁለቱም ፊት ደገምኩት። ኦቦ ቀጄላ «የትንኝ ክንፍ?» አሉ። «የትንኝ ክንፍ» አልኩ። በዚህች እንኳ አልሳቁም። ሽማግሌ ዳግመኛ ይልኩ እንደሆነ አልነገሩኝም፤ የመጠየቅ አፍም አልነበረኝ።

ደጊቱ፣ ያን ቀን ብርጭቆውን አላነሳሽውም። በአንድ እጅሽ እርሳስ፣ በሌላው ደብተር ይዘሽ ነበር። አጠገብሽ ቆሜ አይቻለሁ። ትዝታሽ አልዋሸሽም፤ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ እናትሽ ወደ አንቺ ትመጣለች። እኔን ይቅር እንድትል እንዳትለምኛት፤ ስለማውቅሽ ነው የምነግርሽ። ሁለታችሁ ስለራሳችሁ ተነጋገሩ። እኔ ቅዳሜ አልመጣም። ሌላ ቀን መጥቼ በርሽን ያንኳኳሁ እንደሆነ ድምፄን ትለዪዋለሽ፤ መክፈት አለመክፈቱ ያንቺ ነው። ባትከፍቺም ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ።

አጎትሽ ቦጂያ