የነቀዙ ሰርግና የአባዬ ባቄላ

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ያ ማታ ማታ የሚይዝሽ ሳልስ ለቀቀሽ ወይስ እኔ እንዳልጨነቅ ብለሽ ነው ደህና ነኝ የምትይኝ? እኔ ደህና ነኝ። እዚህ ወፍረሻል ይሉኛል፤ ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው የምነግርሽ። በስልክ ጆሮሽ እንደሚያስቸግርሽ ስለማውቅ የባቄላውን ነገር ከሥር መሠረቱ ልጻፍልሽ።

ወንድም ጋሼ ሁሉንም ነግሮኛል። ዘር ከሌለን ማሳውን እናከራየው ሲልሽ የልጄ ደብዳቤ እስኪመጣ ጠብቀኝ ብለሽዋል። ጆንያውን ጭነሽ ወደምሠራበት የእህል ምርምር ጣቢያ ስትልኪልኝም "ባቄላ አለቀ ቢሉ ፈስ ቀለለ" ብሎ ስቋል አሉ። ይሳቅ! እኔ ግን ያለ የሌለ ዘርሽን፣ ያውም አባዬ በእጁ እየመረጠ ያቆየውን፣ ነቀዝ ከገባበት በኋላ አምነሽ ስትሰጪኝ ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ያዙኝ።

ጨረር ሲባል ባቄላው ይመረዝ ይሆን ብለሽ ጠይቀሽኛል። አይዞሽ፣ ባቄላውን አይነካውም። ጨረሩ የሚያርፈው በወፍራም ግድግዳ በታጠረች ክፍል ውስጥ፣ ወንዱ ነቀዝ ላይ ብቻ ነው። አይገድለውም፤ መካን ያደርገዋል። ከዚያ ባቄላሽን በጨመርንበት በርሜል ውስጥ እንለቀዋለን፣ ሴቷን ያገባል፣ እንቁላሏ ግን አይፈለፈልም። ሰርግ አለ፣ አራስ ጥየቃ የለም። ከዚህ አምልጦ የሚፈለፈል ካለ ደግሞ ባቄላው በኒም ቅጠል ጭማቂ ስለታሸ ምሬቱ ያስቀረዋል። ጨረሩ ለብቻው፣ ቅጠሉም ለብቻው ሲሆኑ ብዙ ያመልጣቸዋል፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጉልበት የሚያገኙት።

አለቃችንን በሌሉበት "ሚዛን" ነው የምንላቸው፤ ስኳራቸውን ሳይቀር መዝነው ነው ሻይ የሚጠጡት። ባቄላሽን በሁለቱ ዘዴ አድርገው በርሜል ውስጥ ዘጉትና ትንሽ ፍሬ ብቻ ምንም ሳይደረግለት በጠርሙስ አስቀመጡ። ነቀዙ እንደልቡ ይብላው፣ ከበርሜሉ ጋር እናነጻጽረዋለን አሉ። ጠርሙሷ ደግሞ የኔ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠች።

እማዬ፣ ጥፋቱ ያንቺ ነው! የተነቀዘ እህል አይቶ ዝም ማለትን መቼ አስተማርሽኝ? በየጠዋቱ ሳያት እጄን ይበላኛል። ክዳኗን ከፍቼ ነቀዙን ለቀም፣ የተበሳውን ፍሬ ለቀም፣ ለዶሮ ይሆናል ብዬ በብርጭቆ እያጠራቀምኩ ወረቀት እከድንበታለሁ። ግቢው ውስጥ አንድም ዶሮ የለም! ሦስት ሳምንት ሙሉ ምን እያደረግኩ እንደሆነ ልብ አላልኩም።

የቆጠራው ቀን ሚዛን በርሜሉንም ጠርሙሱንም አዩ፤ ሁለቱም ለዓይን ንጹህ። ፊታቸው ጠቆረ። ምንም ያልተደረገለት እንዲህ ከጸዳ ድካማችን ከንቱ ነው፣ ሙከራው ይዘጋ አሉ። ሙከራው ከተዘጋ ደግሞ ነቀዝ የገባበት እህል ግቢ ውስጥ አይቆይም፣ ይቃጠላል። ያኔ ነው የገባኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። የአባዬን ዘር በእጄ ላስቃጥለው ነው ብዬ እንባዬ መጣ። ብርጭቆዬን ይዤ ሄድኩና ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ሚዛን ወረቀቱን ገለጡና መቁጠር ጀመሩ። መቶ ሰማንያ አራት ነቀዝ! ከበርሜሉ በጠርሙሷ ልክ በቀዱት ባቄላ ላይ ግን ያገኙት አምስት ነበር። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ያወጣሁትን በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሷ አስመለሱኝ፣ አርባ ቀን ጨመሩ፣ ክዳኗን በፕላስተር ጠቀለሉና በቀይ ቀለም "የናትሽ ልጅ፣ እንዳትነኪ" ብለው ጻፉባት።

አልነካሁም። እንዴት እንደቻልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። በአርባው ቀን የጠርሙሷ ባቄላ ዱቄት ሆኖ ተገኘ፤ የበርሜሉ ግን እንዳለ ነው። ሚዛን ደግሞ ያልተበላ ሁሉ ይበቅላል ማለት አይደለም ብለው ከበርሜሉ ሃያ ፍሬ በሳጥን አፈር አስዘሩኝ። ዛሬ ጠዋት አሥራ ዘጠኙ አንገታቸውን ብቅ አድርገው አገኘኋቸው። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እማዬ! ሃያኛው ገና ተኝቷል፤ በወንድም ጋሼ ወጥቶ ይሆናል።

ሚዛን ለሥራቸው የሚበቃቸውን አስቀርተው የቀረውን ሰጥተውኛል። ጆንያው ዕቃ ከሚያመላልሰው ሹፌር ጋር ነገ ይነሳል። እንዳትቀቅይው!

ምራትሽን ሳሚልኝ፣ ወገቧን ትጠንቀቅ። ይህን ለምታነብልሽ የልጅ ልጅሽ ሰላምታዬ ይድረሳት፤ የሰርጉን ነገር አፍራ ዘላው ከሆነ መልሰሽ አስነብቢያት። ወንድም ጋሼንም አጥብቀሽ ሳሚልኝና ንገሪው፦ ማሳው አይከራይም፣ ይታረሳል።

ልጅሽ

ከሥራ ቦታዬ፣ ቡቃያው ካለበት መስኮት አጠገብ
ሐሙስ፣ ወር በገባ በአሥራ አንደኛው ቀን