የመታጠቢያ ቤቱ አምፖል

ድሬዳዋ፣ ቅዳሜ፣ ግንቦት 15 ቀን 1956 ዓ.ም.

የመታጠቢያ ቤቱ እድሳት አልቆ የቀረው መብራቱ ብቻ ነው። መስኮት ስለሌለው ደማቅ ይሁን ብል፣ ሐሙስ ዕለት ባሌ በጫማው ዓይኔን አለኝ። ዛሬ ነጠላዬን እስከ ቅንድቤ ተከናንቤ መጋላ ገበያ፣ አብዲ ሱቅ አብሬው ሄድኩ።

አብዲ አምፖል ሳይሞክር አይሸጥም። ትልቁን ከባንኮኒው በላይ ገጥሞ ሲያበራው ሱቁ ቦግ አለ። ቀና ስል ነጠላዬ ተንሸራተተ። አብዲ ዓይኔን አየ፤ ቀጥሎ ባሌን አየ።

«ይሄ ይበዛል፤ ደብዘዝ ያለውን ስጠን» አለ ባሌ።

«አቦ፣ ለመስታወት ደማቅ ነው የሚሆነው። ወላሂ፣ ሰው የሠራውን ይየው እንጂ!»

ባሌ ኮሌታውን አነቀው። አብዲ በጥፊ አጮለው፤ ከንፈሩ ተሰነጠቀ። የጎረቤት ነጋዴዎች መጥተው ገላገሏቸው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ድገመው አልኩ በሆዴ። ስንወጣ አብዲ ትልቁን አምፖል በወረቀት ጠቅልሎ ዘንቢሌ ውስጥ ከተተልኝ።

እቤት ስንደርስ ባሌ ግቢው ውስጥ ሲራገም፣ እኔ በርጩማ ላይ ወጥቼ ገጠምኩት። ደሙን ሊታጠብ ገብቶ መብራቱን አበራ። መስታወቱ ውስጥ የእሱ ከንፈርና ከኋላው የቆምኩት የእኔ ዓይን አንድ ላይ ታዩ። ጫማውን አውልቆ አምፖሉን እንክትክቱን አወጣው። ስብርባሪው ላዬ ላይ ሲዘንብ ንቅንቅ አላልኩም።

በሩን ወርውሮ ወጣ። ስብርባሪውን ጠራርጌ በርጩማውን መልሼ አስጠጋሁት።

አብዲ የከተተልኝ ሁለት ነበር።